«ካርቶን ግድግዳ» እያላችሁ አትሸንግሉን

«ጂፕሰም ላይ ዕቃ አይሰቀልም» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ኮንትራክተሩ ይላል፣ አናጢው ይላል፣ ቤት አከራዩ ይላል። የሚሉት ደግሞ ሁልጊዜ ከወደቀ በኋላ ነው። ካቢኔቱ ሲሰቀል አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም፤ ብራቸውን ተቀብለው ሄደዋል። የብርጭቆ ስባሪ ወለሉን ሲሞላው ነው «አይ፣ እሱማ ካርቶን ግድግዳ ነው፣ ምን ይደረግ» የሚባለው። እኔ ዛሬ ጠቤ ከዚህች «ምን ይደረግ» ጋር ነው።

ጠቡ የተጀመረው ጋምቤላ ነው። አኝዋክ ዞን አቦቦ ወረዳ የሄድኩት የአልዌሮን ግድብ ለማየት ነበር (ስለ ግድቡ ቆይቼ እመለስበታለሁ፣ ያለ ነገር አላነሳሁትም)። ያረፍኩት እዚያው አካባቢ አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ዘመዴ ዘንድ ነው። የክሊኒኳንም የባለቤቷንም ስም አልጠራም፤ እነሱ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህንን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ክሊኒኳ የተከፋፈለችው በብረት ቋሚና በጂፕሰም ቦርድ ነው። እኔ ከመድረሴ ከጥቂት ቀናት በፊት የመድኃኒት ካቢኔቷ ከነግድግዳው ልጣጭ ወርዳለች። ባለመስታወት የላሜራ ካቢኔት ናት። ውስጧ ምን ነበር? ግሉኮስ። ባለአንድ ሊትር ከረጢት፣ አርባ ያህል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ እንግዲህ ካቢኔቷን ሳይጨምር አርባ ኪሎ ፈሳሽ ማለት ነው። ደግነቱ የወደቀችው ሌሊት ነው። ቀን ቀን ከሥሯ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተራ ይጠብቃሉ።

ዘመዴ (ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት) ለሰቀለው ሰው ደወለች። መልሱን ታውቁታላችሁ። ካርቶን ግድግዳ ነው፣ ምን ይደረግ! እኔ ደግሞ ነገር ካላየሁ አላምንምና ቀዳዳዎቹን ጠጋ ብዬ አየኋቸው። አራት ናቸው። በሁለቱ ውስጥ ፊሸር የምንላት ፕላስቲክ ተንጠልጥላ ቀርታለች፣ ሁለቱ ከነብሎናቸው ወርደዋል። ከስልኬ መያዣ ላይ ትንሽ ማግኔት ነቅዬ ግድግዳው ላይ ወደ ጎን ሳስኬዳት አንድ ቦታ ላይ ጥብቅ አለች። ከዚያ ሽቅብ ወሰድኳት፣ ቁልቁል ወሰድኳት፣ እዚያው መስመር ላይ ትይዛለች። ብረቱ! ከቀዳዳው አንድ ስንዝር አይርቅም። ካቢኔቷን ሊሸከም የሚችለው ነገር በስንዝር ርቀት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሰውዬው ባዶውን ቦርድ በስቶ ሄዷል። ይህ የካርቶን ጥፋት ነው?

እስቲ ይህ ግድግዳ ምን እንደሆነ እንነጋገር። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። የጭቃ ቤት ቋሚ አለው፣ ማገር አለው፣ ከዚያ ጭቃው ይለጠፋል። የጂፕሰሙም ግድግዳ ቋሚ አለው፤ ከስስ ላሜራ የታጠፈ፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ። ቋሚዎቹ የሚተከሉት በ60 ወይም በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው፤ የቦርዱ ወርድ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ ለሁለቱም እኩል ይካፈላል። ከላይና ከታች ቋሚዎቹን የሚይዝ አግዳሚ አለ። ከዚያ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ቦርድ በግራና በቀኝ ይለበጥና ይቀባል። ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፦ ማገር። ወገብ ላይ፣ ደረት ላይ፣ ራስ ላይ የሚያልፍ ማገር የለውም፤ ካልታዘዘ በስተቀር ማንም አያስገባለትም።

ቦርዱ ደግሞ ልብስ ነው። ሰው ኮቱ ላይ ጆንያ ስኳር ሰፍቶ ቢያንጠለጥል ኮቱ ይቀደዳል፤ ከዚያ «ሰውዬው ሸክም አይችልም» ይባላል እንዴ?

የኪችን ካቢኔት እንውሰድ። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 70 ቁመት፣ 32 ጥልቀት። በኤምዲኤፍ ወይም በቺፕውድ ሲሠራ ባዶውን ከ20 ኪሎ ያልፋል። ሰሃን፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የሸክላ ሲኒ፣ የዘይት ጄሪካን ሲገባበት 60 ኪሎ መድረስ ለእናቶቻችን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህ 60 ኪሎ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ ወደ ታች ይጫናል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፣ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ክብደቱ ያለው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከግድግዳው 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የካቢኔቱ ታች ግድግዳውን ይገፋል፣ ላይኛው ብሎን ደግሞ ተነቅሎ ለመውጣት ይታገላል። ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ጠርዝ 64 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 60 ሲባዛ በ16፣ ሲካፈል ለ64፤ 15 ኪሎ። ትንሽ ትመስላለች። ግን ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ፣ ሳትታክት የምትጎትት 15 ኪሎ ናት። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ትነቀነቃለች። አንድ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከረሜላ ፍለጋ ወንበር ላይ ወጥቶ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ቢንጠለጠል መጎተቷ ወደ 25 ኪሎ ይዘላል። ጂፕሰም ደግሞ እየፈረፈረ የሚሄድ ነገር ነው፤ ዛሬ ቀዳዳው በአንድ ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በወሩ በሌላ አንድ። እርጥበት ካገኘውማ ጨርሶ ይደክማል። ስለዚህ ካቢኔቱ በተሰቀለ ዕለት አይወድቅም። ሰቃዩ ሰውዬ ስልክ ቁጥሩን ከቀየረ በኋላ ነው የሚወድቀው።

አሁን ስለ ፊሸር። ፊሸር ራሷ ምንም አላጠፋችም። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1958 ሲፈለስፋት ጠንካራ ነገር ውስጥ ገብታ እንድትሰፋ ነው፦ ኮንክሪት፣ ድፍን ጡብ። ብሎኑ ሲገባ ትነፋለች፣ ዙሪያዋን ያለው ድንጋይ ይይዛታል። ዙሪያዋን ድንጋይ ከሌለስ? ከ12 ሚሊ ሜትር ቦርድ ጀርባ ያለው አየር ነው። አየር ውስጥ የተነፋች ፊሸር ማንን ትይዛለች? ለባዶ ግድግዳ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ፤ ከገባ በኋላ ከጀርባ እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ባለስፕሪንግ ቦልት። እሱም ቢሆን መስታወትና ቀላል መደርደሪያ ይይዝ ይሆናል እንጂ ባዶ ቦርድ ላይ የወጥ ቤት ካቢኔት አደራ የሚሰጠው ነገር አይደለም። እኛ አገር ግን ፊሸር ሃይማኖት ሆናለች። ግድግዳው ምንም ይሁን ምን ድሪል፣ ፊሸር፣ ብሎን፣ «ጨርሻለሁ እመቤቴ»።

አዲስ አበቤ ሆይ፣ ይህ የጋምቤላ ጉዳይ ነው ብለህ ገጽ እንዳትገልጥ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳቸው ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ፊሸሯ የብሎኬቱን ቀጭን ከንፈር ካገኘች ትይዛለች፣ ሆዱ ውስጥ ከገባች ደግሞ ትዋኛለች። የብዙ ብሎኮች የውስጥ ክፍልፋይ ደግሞ አግሮስቶን ነው፤ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ ከማግኒዥየም ውሁድና ከመስታወት ቃጫ የሚጋገር ፓነል። ዕጣ ወጥቶለት ቤቱን ያደሰ ሰው ሁሉ ስለ አግሮስቶን ቢያንስ አንድ ታሪክ አለው፣ አብዛኛው ታሪክ ደግሞ በካቢኔት ወይም በቴሌቪዥን ይጀምራል። የቢሮ ሕንፃዎቹማ በጂፕሰም ክፍልፋይ ተጥለቅልቀዋል። ፋይል የሞላ መደርደሪያ ከወንበርህ በላይ ተሰቅሎ ከሆነ፣ ይህንን አንብበህ ስትጨርስ ቀና ብለህ እይ።

«ድሮ የጭቃ ቤት ይሻል ነበር» የሚሉም አሉ። ፌስቡክ ላይ የጎጆ ፎቶ ለጥፈው ራሳቸው ጂፕሰም ቤት ውስጥ የሚኖሩ። ጋምቤላ ላይ የብረት ቋሚ የመጣው በፋሽን ብቻ አይደለም። ምስጡ እንጨት አያስተርፍም፤ ዛሬ ያቆምከው ቋሚ ነገ ውስጡ ዱቄት ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከባዱን የብሎኬት ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቀዋል። ሲሚንቶው ከመሐል አገር በመኪና ተጭኖ ሲሄድ መንገዱ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀላል፣ በፍጥነት የሚቆም፣ ምስጥ የማይበላው አጽም ለዚያ አገር ተገቢ ነው። ክርክሬ ከአጽሙ ጋር አይደለም።

ይልቅ የጭቃ ቤት ናፋቂዎች ከረሱት ነገር አንዱን ላስታውሳቸው፦ ኩላብ። አያቶቻችን ቤት ግድግዳው ላይ ጎልቶ የወጣው፣ ነጠላው፣ ጋሻው፣ ቅሉ፣ ኮርቻው ሳይቀር የሚሰቀልበት። ኩላብ ቤቱ ካለቀ በኋላ ጭቃው ላይ የሚሰካ ነገር አልነበረም። ከቋሚው ወይም ከማገሩ ጋር ተያይዞ፣ ከዚያ ይለሰናል። ቤት የሚሠራው ሰው ገና ሳይለስን «ምን የት ይሰቀላል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎም ከሌላውም አገር ወደ ጋምቤላ የሰፈረው ገበሬ ይህንን ዕውቀት ይዞት መጥቷል። ዲግሪ ያለው መሐንዲስ ግን ቦርዱን ከሁለት በኩል ዘግቶ፣ ቀብቶ፣ ቁልፍ አስረክቦ ከሄደ በኋላ ነው ካቢኔት መኖሩን የሚሰማው።

ለምን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው፣ እኔም የአልዌሮን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ጨረታ ሲወጣ የሥራ ዝርዝሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ? «የጂፕሰም ክፍልፋይ ግድግዳ፣ ይህን ያህል ካሬ ሜትር»። አንድ መስመር። ከብዙ ገጽ በኋላ፣ አንዳንዴም በሌላ ጨረታ፣ «ተንጠልጣይ ካቢኔት፣ ይህን ያህል በቁጥር»። ሌላ መስመር። ግድግዳውን የሚያቆመው አንድ ድርጅት፣ ካቢኔቱን የሚያቀርበው ሌላ። ግድግዳውን ከካቢኔቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር፣ ማለትም ከቦርዱ ጀርባ መግባት ያለበት ማገር፣ መስመር የለውም። መስመር ከሌለው ዋጋ የለውም። ዋጋ ከሌለው የሚሠራው የለም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ካሬ ሜትሩን ይለካል፣ ካቢኔቱን ይቆጥራል፣ ይፈርማል። የማይታይ ነገር አይለካም፣ አይቆጠርም።

አልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው የተሠራው። ዕቅዱ ወደ 10,400 ሄክታር መሬት ማጠጣት ነበር። ግድቡ ቆመ፣ ውኃው ተኛ። ውኃውን ወደ እርሻው የሚያደርሰው የቦይ ሥራ ግን እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ የጥጥ እርሻውም ሳይሳካ ቀረ፣ ለዓመታት የግድቡ ዋና ተጠቃሚ ዓሣ አጥማጁ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳዑዲ ስታር ሩዝ አመርታለሁ ብሎ 10,000 ሄክታር ሲከራይ የውኃውን መንገድ ገና መቆፈር ነበረበት። (መሬቱ የተሰጠበት መንገድና የአካባቢው ሕዝብ ያነሳው ቅሬታ ሌላ ትልቅ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ እዚህ በቅንፍ አልጨርሰውም።) ግድቡ አልፈረሰም፣ ግንበኞቹም ሰነፍ አልነበሩም። የሚታየው ተሠርቶ ማገናኛው ነው ተንጠልጥሎ የቀረው። ዳር ላይ ቆሜ ያንን ሁሉ ውኃ ሳይ የሲስተር ካቢኔት ትዝ ብትለኝ ይፈረድብኛል?

«ወጪ ይጨምራል» የምትለዋን መልስ አውቃታለሁ። እናስላት። አንድ ሉህ ባለ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው። ለአራት ሲሰነጠቅ እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወርድ ያለው ማገር ይወጣዋል፣ በድምሩ ወደ 10 ሜትር ርዝመት። አሥር ሜትር ግድግዳ! የአንድ ተራ ቤት ወጥ ቤት ተሰቅሎበት ለሳሎኑ ቴሌቪዥን ይተርፋል። አንድ ሉህ ኮምፔርሳቶና እፍኝ ብሎን። የካቢኔቱን እጀታ ከቱርክ ነው ያስመጣነው እያለ የሚኩራራ ሰው ይህች ከበደችው ማለት ነው? ጋምቤላ ላይ በእርግጥ ኮምፔርሳቶ ለምስጥ ምሳ ማቅረብ ነው (ምስጥ የቦርዱን ወረቀትም አይምርም)። እዚያ ማገሩ ከብረት ይሁን፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያላነሰ ላሜራ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ በብሎን የታሠረ። ወይም ቱቦላሬ። እሱም ቢሆን ማንም ብየዳ ቤት በአንድ ጠዋት ቆርጦ የሚሰጠው ነገር ነው። የሚፈለገው ሁለተኛው ቦርድ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሰው «የት ነው የሚሰቀለው?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። የወጥ ቤት ካቢኔት ጀርባው የሚታሠረው ከወለል 2 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው፤ ማገሩ እዚያ ከፍታ ላይ ይለፍ። የአየር ማቀዝቀዣ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የውኃ ማሞቂያ የሚሰቀልበትም እንዲሁ። ጋምቤላ ላይ ኤሲ ቅንጦት አይደለም፣ ያውም ሥራ ላይ ሲሆን የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ነው።

«የኔ ግድግዳ ተዘግቷል፣ ምን ላድርግ?» ለምትሉ፣ እናንተም ተስፋ አላችሁ። ማግኔት ፈልጉ። ቋሚውን አግኙት፣ ቀጥሎ 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ሄዳችሁ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። በእርሳስ ከላይ እስከ ታች አስምሩ። የማብሪያ ማጥፊያ ካለ ከእሱ በላይና በታች አትብሱ፤ ሽቦው እዚያ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ካቢኔቱን በቀጥታ አትስቀሉ። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሐዲድ፣ ጠንካራ ጣውላ ወይም ላሜራ፣ ቢያንስ ሦስት ቋሚ ላይ እሠሩ፤ ካቢኔቶቹ ሐዲዱ ላይ ይንጠልጠሉ። እንዲህ ሲሆን ሸክሙ አንድ ብሎን ላይ አይከማችም። ቋሚው ስስ ላሜራ ስለሆነ ተራ ብሎን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ጥርሱን በልቶ ባዶውን ይዞራል፤ እንደ ጃንጥላ የሚከፈተውን ቦልት በቋሚው በራሱ ውስጥ አሳልፋችሁ ከጀርባው እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል። ዕቃው በጣም ከባድ ከሆነ ደግሞ ሳታፍሩ ቦርዱን ቅደዱት። አዎ፣ ቅደዱት። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ስንጥቅ ክፈቱ፣ ማገሩን አስገቡ፣ ዝጉ፣ ጂፕሰም ሙሉበት፣ ቀቡት። ማንም አያውቅም። ወይም እግር አብጁለትና ወለል ላይ ይቁም፤ ግድግዳው እንዳይገለበጥ ብቻ ይያዘው። ቁመተ ረጅም ቁም ሳጥን ወለል ላይ ስለቆመ ብቻ አስተማማኝ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት መሳቢያ ላይ ሲንጠላጠሉ ተገልብጦባቸው ከሞቱ በኋላ አይኬያ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጋ ባለመሳቢያ ሳጥን ለመመለስ ተገድዷል። እዚያ በሚሊዮን ቆጥረው ሰበሰቡ፣ በ2022 ደግሞ ሕግ አወጡ። እዚህ «ምን ይደረግ» እንላለን።

ዕቃ ከመግባቱ በፊት ፈትኑት ደግሞ። አንድ ጆንያ አሸዋ 50 ኪሎ ነው፤ በዕቃ ፈንታ ሁለት ጆንያ ካቢኔቱ ውስጥ አከፋፍላችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ሰቃዩ እዚያው ቆሞ ይይ። «ኧረ አይሆንም፣ ይወድቃል» ካለ ገንዘባችሁን ገና አልከፈላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ በሉት።

ጨረታ የምታወጡ ወገኖች፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የስደተኛ መጠለያ ቢሮ የምታሠሩ፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ፣ ከካሬ ሜትሩ ቀጥሎ፦ «በግድግዳ ውስጥ የሚገባ ማገር፣ በሜትር»። ዋጋ ይጻፍበት። ተጫራቹ ይወዳደርበት። ተቆጣጣሪው ሁለተኛው ቦርድ ከመዘጋቱ በፊት መጥቶ ይለካው፣ ካልመጣ ቦርዱ አይዘጋ። ቤት የምታሠሩ ግለሰቦችም አጽሙ ቆሞ ሳለ አንድ ቅዳሜ መድቡና ሂዱ፤ ሜትር ይዛችሁ ማገሩ ከወለል ስንት ላይ እንዳለ ጻፉ፣ ግድግዳው የሚያርፍበት ወለል ላይ የእያንዳንዱን ቋሚ ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሜትሩ ፎቶው ውስጥ ይታይ። ጂፕሰም ሠራተኛው ቸኩሎ ቦርዱን ተሸክሞ ሲመጣ «ቆይ አንዴ» በሉት።